የግቢው ውኃ ባለቤት አለው

በአዲስ አበባ አዲስ ቤት የሠራ ሰው እንግዳ ሲቀበል መጀመሪያ የሚያሳየው የብረት በሩን ነው። ቀጥሎ የሳሎኑን ሴራሚክ፣ የጣሪያውን ጂፕሰምና የማዕድ ቤቱን ቁም ሣጥን ያስጎበኛል። የግቢው መሬት ወደየት እንደሚያዘነብል ያሳየ ባለቤት ግን እምብዛም አይገኝም፤ እንግዳውም አይጠይቅም። ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ሲጠቁር ጠያቂው ውኃው ራሱ ይሆናል። ያን ጊዜ በሩ ሥር አሸዋ የተሞላ ጆንያ ይደረደራል፤ የሳሎኑ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ሶፋ ላይ ይወጣል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ መጥረጊያና ባልዲ ይዞ ይቆማል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ የተለመደው ወቀሳ ይከተላል። ወረዳው ቦዩን አልጠረገም፣ መንገዱ ከፍ ተደርጎ ተሠራ፣ የላይኛው ጎረቤት ውኃውን ለቀቀብን ይባላል።

ወቀሳው ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ይሁንና በመካከሉ ሳይወቀስ የሚያመልጥ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ባለቤቱ ነው። በጣሪያውና በግቢው ላይ የወረደው ውኃ አጥሩን አልፎ በደንብ ወደ ተሠራ መውረጃ እስኪገባ ድረስ የእርሱ ነው። መሬቱን እያስተካከለ፣ ቦዩን እየጠረገ፣ አሸንዳውን እየጠገነ ውኃውን የማስወጣት ግዴታም የእርሱ ነው። ይህን የዘነጋ ባለቤት ቤቱን በየክረምቱ በጥቂት በጥቂቱ እየሸጠው ነው፤ የሚቀበለው ገንዘብ ግን የለም።

ጣሪያው ስንት በርሜል ይሰጣል?

ነገሩን በሒሳብ ማየት ይቀላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው። 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ቤት ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር ይወርዳል፤ 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ሲለካ 15 በርሜል ማለት ነው። ግቢው 250 ካሬ ሜትር ሆኖ ከጣሪያው የተረፈው መሬት በሙሉ በሲሚንቶ የተደፈነ ከሆነ ደግሞ በዚያው ዝናብ 7,500 ሊትር ወይም 37 በርሜል ተኩል ይሰበሰባል።

አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። አብዛኛው የሚወርደው በክረምቱ ወራት፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ነው። እንግዲህ ያው 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት 100 ሜትር ኩብና ከዚያ በላይ ውኃ ያወርዳል ማለት ነው። ይህን ያህል ውኃ በቦቴ ጭኖ መጥቶ በቤቱ መሠረት ሥር የሚደፋ ሰው ቢገኝ ባለቤቱ ፖሊስ በጠራ ነበር። የገዛ አሸንዳው ሲደፋው ግን ዝም ይላል። በብዙ ግቢ የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ ከግድግዳው ጥግ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ያበቃል፤ ውኃው የሚወድቀው በትክክል መሠረቱ ላይ ነው።

የከተማዋ አቀማመጥም ቸልታን የሚፈቅድ አይደለም። አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ቁልቁል የተዘረጋች ናት። በላይኛው ሰፈር ያለ ግቢ ችግሩ መሸርሸር ነው፤ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ የአጥሩን እግር ያራቁታል። በታችኛው ሜዳ ያለው ግቢ ችግሩ ውኃው መተኛቱ ነው። በቦሌና በአቃቂ አቅጣጫ በብዛት የሚገኘው ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህን ከመሐንዲሱ በፊት ገበሬው ያውቀዋል፤ በበጋ በማሳው ላይ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ሲከፈት አይቷልና።

ቤት በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ሲቆም ጉዳቱን የሚያከፋው የርጥበቱ አለመመጣጠን ነው። አሸንዳው በሚያፈስበት ጥግ ያለው አፈር አብጦ መሠረቱን ወደ ላይ ሲገፋ በደረቁ ጥግ ያለው ባለበት ይቀራል። በመካከል ያለው ግድግዳ ሁለቱን ማስታረቅ ስለማይችል ይሰነጠቃል። ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣው ስንጥቅ፣ በክረምት አልዘጋ ብሎ በበጋ የሚዘጋው በር፣ ከሥሩ የሚላጠው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ የዚሁ ታሪክ ምዕራፎች ናቸው። ባለቤቱ ግን ግንበኛውን ይረግማል፤ ስንጥቁን በስቱኮ ያስደፍናል፤ በሚቀጥለው ክረምት ያው ስንጥቅ ተመልሶ ይመጣል።

መሬቱን ማን አበላሸው?

ብዙ ግቢ ሲሠራ ደኅና ነበር። የሚበላሸው በኋላ፣ በባለቤቱ እጅ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ኪራይ ነው። ኑሮ ሲከብድ ባለቤቱ በጓሮ በኩል አጥሩን ተጠግቶ ሁለት ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ይሠራል። ገቢ መፈለጉ አያስወቅሰውም። ሆኖም ክፍሎቹ የሚያርፉት ብዙውን ጊዜ ውኃው ይወጣበት በነበረው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። በአጥሩ ሥር የነበረችው የውኃ መውጫ ቀዳዳም አይጥ እንዳይገባ፣ ሌባ እንዳያይ ተብሎ ትደፈናለች። ከዚያ በኋላ ውኃው የሚሄድበት ስለሌለው ተመልሶ ወደ ትልቁ ቤት ይመጣል።

ሁለተኛው ጭቃ መጥላት ነው። ግቢው በሙሉ በሊሾ ወይም በንጣፍ ይለበጣል። የሚሠራው ሰው ተዳፋቱን በዓይኑ ገምቶ ያፈስሳል እንጂ ውኃ ልክ አያስቀምጥም። አፈር ሳለ ከፊሉን ይመጥ የነበረው ግቢ አሁን አንዲት ጠብታ አይቀበልም። ተዳፋቱ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ቤቱ ካዘነበለ ንጣፉ ውኃ ወደ ሳሎን የሚያስገባ ሰፌድ ይሆናል።

ሦስተኛው ጌጥ ነው። በግድግዳው ሥር የአበባ መደብ ይሠራል፤ ዙሪያው በድንጋይ ታጥሮ አፈሩ ከቤቱ ወለል በላይ ይቆለላል፤ በበጋ ሌት ተቀን ይጠጣል። አበባው ሲያምር መሠረቱ ይበሰብሳል። ቤቱ የጭቃና የእንጨት ከሆነ ደግሞ ምሰሶው ከሥሩ ስለሚበላ ጉዳቱ ይፈጥናል።

ሕጉ ምን ይላል?

አንዳንድ ባለቤት ነገሩን በፖለቲካ ሊያመልጥ ይሞክራል። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ውኃውንም መንግሥት ይውሰደው ይላል። ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ክርክሩ ግን አያዋጣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 የመሬት ባለቤት በጎረቤቱ ላይ ሁከት ወይም ጉዳት ማድረስ እንደሌለበት ይደነግጋል። በቁጥር 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ውኃ ከላይ ወደ ታች መውረዱ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ለዚህ ማንም አይከሰስም። የጣሪያውን ውኃ በአንድ ቱቦ ሰብስቦ በጎረቤት አጥር ሥር መልቀቅ ግን የሰው ሥራ ነው።

ነገሩ ከገንዘብ የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። በተዳፋት ሰፈር የላይኛው ግቢ አፈር የሚቆመው በታችኛው ጎረቤት ራስ ላይ በተሠራ ግንብ ነው። ከግንቡ ጀርባ ውኃ ሲጠራቀም አፈሩ ይከብዳል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ግንቡ የውኃ ማስተንፈሻ ቀዳዳዎች ከሌሉት፣ ወይም ኖረውት በደለል ከተደፈኑ፣ አንድ ሌሊት ይገፋል። ከታች የሚተኙት ብዙውን ጊዜ ተከራዮችና ሕፃናት ናቸው። ስለ ግንቡ ቀዳዳ ከልካይም ጠያቂም የለም፤ ከወደቀ በኋላ ግን ጠያቂው ብዙ ነው።

በጋራ ሕንፃ የሚኖረውም ከዚህ ነጻ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ መጠቀሚያውን አስተዳደር ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል። ጣሪያው፣ ግቢው፣ መውረጃ ቱቦው የጋራ ነው። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ውኃው እኔ ቤት አይደርስም ብሎ መዋጮውን ሲከለክል ምድር ቤት ያለው ብቻውን ይሰምጣል። ሕንፃው የቆመበት መሠረት ግን አንድ ነው።

ገበያው ውኃውን አይመዝንም

ይህ ሁሉ በገበያው ዋጋ ላይ አለመታየቱ ያስደንቃል። በአዲስ አበባ ቤት ሲሸጥ የሚጠየቀው ስፋቱ፣ ካርታው፣ ከአስፋልት ያለው ርቀት፣ የመኝታ ክፍሎቹ ብዛት ነው። ደላላው ስለ እነዚህ ሲናገር ምላሱ አይያዝም። ውኃው በየት ይወጣል ብሎ የሚጠይቀው ገዢ ግን ከመቶ ስንት ይሆን? አስተዋይ ሻጭ ቤቱን ለገበያ የሚያወጣው በጥር ወይም በየካቲት ነው። ግቢው ደርቋል፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ክረምት ያስቀመጠው የርጥበት ምልክት ከቀለሙ ሥር ተኝቷል። ገዢው ዕድሜ ልክ ያጠራቀመውን ከፍሎ ይገባል። እውነተኛውን ቤት የሚያየው ግን በሐምሌ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ የሚሆንበትን መንገድ ያሳያል። ነገር ግን ገዢው ጎንበስ ብሎ ቢያይ ኖሮ ያገኘው የነበረውን ጉድለት ይዞ ፍርድ ቤት መመላለስ ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ ቤት የሚገዛ ሰው ዓይኑን ከጣሪያው ጂፕሰም ዝቅ ያድርግ። የግድግዳው እግር ላይ ነጭ ጨው መሰል ዱቄት ወይም የተላጠ ቀለም መኖሩን ይመልከት። የቤቱ ወለል ከግቢው፣ ግቢውም ከመንገዱ ከፍ ማለቱን ያረጋግጥ። አዲስ ሊሾ በአሮጌው ላይ ተደርቦ እንደሆነ ምክንያቱን ይጠይቅ። ከግድግዳው አጠገብ አንድ ባልዲ ውኃ አስደፍቶ ወዴት እንደሚሄድ ይይ፤ ይህን የሚከለክል ሻጭ ከመልሱ በላይ ተናግሯል። ከሁሉም በላይ የታችኛውን ጎረቤት ያነጋግር፤ ስለ ቤቱ ውኃ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የሚቻል ከሆነ ደግሞ ቤት በክረምት ይታይ። በሚዘንብበት ሰዓት ጃንጥላ ይዞ አንድ ሰዓት ቆሞ ያየ ገዢ በበጋ አሥር ጊዜ ከተመላለሰው ይበልጥ ያውቃል። በአንጻሩ ግቢውን በሚገባ ያስተካከለ ባለቤት ቤቱን በሐምሌ ቢያሳይ ሊኮራ ይገባዋል፤ ከፍ ያለ ዋጋ ቢጠይቅም ተገቢ ነው። ገዢዎች ይህን መክፈል፣ ደላሎችም ይህን መናገር ሲጀምሩ ባለቤቶች በራሳቸው ጊዜ አካፋ ያነሣሉ። ሕግ ያላስተማረውን ገበያ ሊያስተምር ይችላል።

መንግሥትስ?

የባለቤቶች አቤቱታ መልስ ይገባዋል። በውስጥ ለውስጥ መንገዶች ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከአንዳንድ ግቢዎች በላይ ከፍ ብሎ ነዋሪው ጉድጓድ ውስጥ ቀርቷል። ደለል የሞላው ቦይ ሳይጠረግ ክረምት የሚገባበት ሰፈርም ጥቂት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር አዳዲስ የዝናብ ውኃ መውረጃዎች ተሠርተዋል፤ የውስጡ ሰፈር ግን የራሱን ተራ መጠበቁ አልቀረም። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል የሕንፃውን ከፍታና ከወሰን ያለውን ርቀት እንደሚለካ ሁሉ የግቢው ውኃ በየትኛው ነጥብ እንደሚወጣ በፕላኑ ላይ ካላየ መፈረም የለበትም። የመንገዱን ከፍታ የሚወስነው መሥሪያ ቤትም የግቢዎቹን በሮች ሳይለካ ድንጋይ ማውረድ የለበትም።

ይሁን እንጂ ውጭ ያለው ቦይ ለምን ተደፈነ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ወደ ግቢው ይመለሳል። ከግንባታ የተረፈው አሸዋና ጠጠር መንገድ ዳር ተከምሮ የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ቦዩ ያስገባዋል። የፕላስቲክ ጠርሙሱና ፌስታሉ ከሰማይ አልወረደም። የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ በሌሊት ከዝናብ ውኃ መውረጃ ጋር ያገናኘውም የውጭ አገር ሰው አይደለም። ቦዩ የሕዝብ ነው፤ ቦዩን የሚገድለው ግን እያንዳንዱ በር ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ ጊዜው ግንቦት ነው። መሬቱ ከግድግዳው ርቆ ሲሄድ እስከ 3 ሜትር ድረስ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። በሲሚንቶ ወይም በንጣፍ ከተለበጠ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ማንኛውም ግንበኛ ውኃ በሞላ ግልጽ ቱቦ ይህን መለካት ይችላል። አሸንዳው ከቅጠልና ከአቧራ ይጠረግ፤ የመውረጃው ቱቦ ውኃውን ከመሠረቱ አርቆ ወደ ቦይ ያድርስ። የአበባው መደብ ከግድግዳው ይራቅ። የአጥሩ ሥር ቀዳዳ ይከፈትና በሽቦ ወንፊት ይሸፈን፤ አይጥም አይገባም፣ ውኃም ይወጣል። ውኃው የሚወጣው ወደ ጎረቤት ሳይሆን ወደ መውረጃ መሆኑም ይረጋገጥ።

በፈረቃ በሚመጣ የቧንቧ ውኃ ለሚቸገር ቤት ደግሞ ሌላ ትርፍ አለ። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ከአሸንዳው ሥር ቢቀመጥ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሊሞላው ይችላል። ለመጠጥ ባይሆንም ለልብስ፣ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል። በነሐሴ በጓሮ የሚጥለቀለቀውን ውኃ እያባረሩ በፊት በር ጄሪካን ይዞ ውኃ ፍለጋ መውጣት ከድህነት የመጣ አይደለም፣ ካለማሰብ ነው።

ይህ ሁሉ አንዴ ተሠርቶ የሚተው አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። የተሞላ አፈር ይሰጥማል፤ ቦይ ደለል ይይዛል፤ ቱቦ ይላቀቃል። ቀለም በየጥቂት ዓመቱ እንደሚታደስ ሁሉ መሬቱም በየዓመቱ መታየት አለበት። ነገሩ ከአንድ አጥር በላይ ከሆነ ደግሞ እድር አለ። ድንኳንና ወንበር በጋራ የሚገዛ ሰፈር ከክረምት በፊት አንድ ቅዳሜ ቦዩን በጋራ መጥረግ አያቅተውም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። በክረምት ግን የጎረቤት ደግነት የሚለካው በሰላምታው ብቻ አይደለም፤ ውኃውን የት እንደሚለቀው በማየትም ነው። ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ ባለቤቱ ከብረት በሩ ፊት ለፊት ሳይሆን ከግድግዳው ሥር ይቁም፤ አንድ ባልዲ ውኃ ያፍስስና ይከተለው። የሚያደርሰው ቦታ ቦዩ ከሆነ ቤቱ ዋጋውን እንደያዘ ነው። የጎረቤት ግድግዳ ወይም የራሱ ሳሎን ከሆነ ግን ክረምት ከመግባቱ በፊት ሊሠራው የሚገባ ሥራ አለው።